የፈረመውን ስትጽፉ ያሳደገውንም ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰሞኑን በአንባቢያን ገጻችሁ ስለ ክለቦች ዝውውር የወጣውን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው ክለቦቻችን ታዳጊ እናሳድጋለን እያሉ ገንዘብና ጊዜ ከሚያባክኑ የደረሰ ተጫዋች ቢያስፈርሙ ይሻላቸዋል ባይ ናቸው። ለዚህም የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን በምስክርነት ጠርተዋል። እነዚያ እንኳ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጅ መመልመሉን ቸል ብለው ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የበሰለ ተጫዋች መውሰድ ጀምረዋል፣ እኛስ ምን እንጠብቃለን ይላሉ። ምስክሩን ያላለውን ስላሰኙት ዝም ማለት አልሆነልኝም።

እኔ ደሴ ከተማ በሰውነት ማጎልመሻ መምህርነት ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ አሁንም ጠዋት ጠዋት ከ17 ዓመት በታች የሆኑ የፕሮጀክት፣ ማለትም የሰፈር ታዳጊዎች ሥልጠና፣ ልጆችን የማሠለጥን ሰው ነኝ። በዚህ ክርክር ባለጉዳይ እንጂ ዳኛ አይደለሁም፤ አንባቢ ይህን ይዞ ያንብበኝ።

አስቀድሜ ስለ አሜሪካው። ኦሃዮ የሚኖር የእህቴ ልጅ የአሜሪካ እግር ኳስ የሚባለው ነገር ከተነሣ ማቆሚያ የለውም፤ ስልክ በደወለ ቁጥር እየነገረኝ እኔም ሳልወድ አዋቂ ሆኛለሁ። ኳሱ ሞላላ ነው፣ በእጅ ይወረወራል፤ እኛ ከምናውቀው ጨዋታ ጋር ዝምድናው በስም ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ ለረጅም ዘመን ተጫዋች የሚያገኙት በዋናነት ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነበር። ልጁ በ18 ዓመቱ ገደማ ይገባል፤ አራት የውድድር ዘመን እንዲጫወት አምስት ዓመት ይሰጠው ነበር። ያቺ ትርፍ ዓመት በከንቱ የተጨመረች አይደለችም። ብዙዎቹ ሳይሰለፉ ሰውነታቸውን የሚገነቡባት፣ የቡድኑን አጨዋወት የሚያጠኑባት ነበረች። ከአንዱ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው የተዛወረ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ሳይጫወት ይቀመጥ ነበር።

ይህ ሁሉ በጥቂት ዓመታት ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 መዛወር የሚሹ ተጫዋቾች ስማቸው የሚገባበት የኮምፒውተር መዝገብ ተከፈተ። በ2021 አንድ ጊዜ ሳይቀመጡ መዛወር ተፈቀደ፤ በዚያው ዓመት አጋማሽ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ በሩ ተለቀቀ። በ2024 በትምህርቱ ብቁ የሆነ ተማሪ የፈለገውን ያህል ጊዜ ቢዛወር ወዲያው እንዲሰለፍ ሆነ። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ መክፈል ጀምረዋል፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው።

ጸሐፊው የጠቀሱት የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ታሪክ እውነት ነው፤ ያስደንቃልም። በ2023 ከ12 ጨዋታ ሦስቱን ብቻ ያሸነፈ ቡድን ነበር። አሠልጣኝ ከርት ሲግኔቲ ከመጡ በኋላ በ2024 አሥራ አንድ ጊዜ አሸንፎ ሁለት ጊዜ ብቻ ተሸነፈ፤ በተከታዩ የውድድር ዘመን ያለ አንድ ሽንፈት የአገሪቱን ዋንጫ አነሣ። ኳሱን የሚያከፋፍለው ዋናው ተጫዋች ፈርናንዶ ሜንዶዛም ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተዛወረ ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ነጥብ አኑረው ያልፋሉ። ያላነሡት ነገር ሲግኔቲ ወደ ኢንዲያና ሲገቡ 13 ተጫዋቾችን ከቀድሞ ዩኒቨርሲቲያቸው ከጄምስ ማዲሰን አስከትለው መምጣታቸውን ነው። አሠልጣኙ ሲቆጡም ሲያዝኑም የሚያውቋቸው፣ ገና አንድ ቃል ሲናገሩ ቀሪውን የሚረዱ የገዛ ተማሪዎቻቸው ነበሩ። ኢንዲያና ያገኘው እንግዲህ እግርና ትከሻ ብቻ ሳይሆን ሌላ ቤት ውስጥ የተሰጠ የዓመታት ትምህርት ነው። ያ ሌላው ቤት በአንድ ጊዜ አሠልጣኙንም ልጆቹንም አጣ።

የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲውም እንዲሁ ነው። በ2022 ከ12 ጨዋታ አንዱን ብቻ ያሸነፈውን ቡድን የተረከቡት አሠልጣኝ ዲዮን ሳንደርስ ነባሩን በትነው ዝውውሮችን በገፍ አስገቡ። የመጀመሪያው ዓመት ውጤት አራት ድልና ስምንት ሽንፈት ሆነ። በ2024 ዘጠኝ ጨዋታ ማሸነፋቸውን አልክድም፤ የዚያ ዓመት የአገሪቱ ምርጥ ተጫዋች የተባለው ትራቪስ ሀንተር ግን ከጃክሰን ስቴት ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኙን ተከትሎ የመጣ ልጅ ነው።

ዝውውር ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም። ጆ በሮው ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሦስት ዓመት ቆይቶ ቋሚ ቦታ አላገኘም፤ ወደ ሉዊዚያና ስቴት ሄዶ በ2019 የውድድር ዘመን የአገሪቱ ምርጥ ተባለ፣ ቡድኑም ዋንጫ ወሰደ። ባይዛወር ኖሮ ስሙን የሚያነሣ ላይኖር ይችል ነበር። የእህቴ ልጅ የኦሃዮ ስቴት ደጋፊ ስለሆነ ይህን ስነግረው ስልኩን ሊዘጋብኝ ይደርሳል። ነገሩ ግን በሮው ከመዛወሩ በፊት ሦስት ዓመት ተምሯል። አሁን እዚያ የሚሰማው ስሞታ ልጁ በመጀመሪያው ዓመት ካልተሰለፈ ይሄዳል፣ አሠልጣኙም ይሄዳል ብሎ የሚጠረጥረውን ልጅ ለማስተማር ልቡ አይነሣሣም የሚል ነው። ይህ ስሞታ ለደሴ ሰው እንግዳ አይደለም።

አንድ የመሐል ተከላካይ እንዴት እንደሚያድግ ልንገራችሁ፤ ይህን ቢያንስ አውቃለሁ። በ13 ዓመቱ ሲመጣ ኳስ ከማቆም በቀር ብዙ አላስተምረውም። በ15 ዓመቱ እግሩ በድንገት ይረዝማል፤ ትናንት ኳስ ይታዘዝለት የነበረ ልጅ ዛሬ በራሱ እግር ይደናቀፋል። ያልገባው አሠልጣኝ በዚህ ጊዜ ያሰናብተዋል፤ የገባው ይታገሠዋል። በ16 ዓመቱ ከኳሱ በፊት ሰውን ማየት፣ ፊቱን ሳይሆን ትከሻውን ማዞር ይማራል። ከ17 እስከ 21 ባለው ጊዜ ግን ሥልጠና ብቻውን አይበቃውም፤ ጨዋታ ያስፈልገዋል። ተሳስቶ ጎል የሚያስቆጥርበት፣ በማግሥቱም ደግሞ የሚሰለፍበት ጨዋታ። የእኛ አገር ልጅ የሚጠፋው እዚች ላይ ነው።

በእጄ ያለፈ አንድ ግራኝ ተከላካይ ነበር፤ ከደሴ አጠገብ ካለው ከገራዶ በእግሩ እየመጣ ይሠለጥን ነበር። ታኬታውን ከወንድሙ ጋር በፈረቃ ነበር የሚያደርገው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ክለብ ለተስፋ ቡድኑ ወሰደው። ቆይቶ ዋናው ቡድን ገባ ተብሎ ሰፈሩ ሁሉ ተደሰተ። በዚያው ክረምት ክለቡ በእርሱ ቦታ ሁለት ተከላካዮችን በአንድ ዓመት ውል አስፈረመ፤ ልጁ ተቀያሪ ወንበር ላይ እንኳ መቀመጫ አጣ። ዓመቱ ሲያልቅ ሁለቱም ሄዱ፣ አሠልጣኙም ተሰናበተ፤ አዲሱ አሠልጣኝ ደግሞ የሚያውቃቸውን ተከላካዮች ይዞ መጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ ልጁ 21 ሞላው። ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። ስሳፈር ሒሳብ አልቀበልም ይለኛል፤ እኔም በግድ ኪሱ ውስጥ እከትትለታለሁ።

አሠልጣኞቹን ለመውቀስ አንደበቴ አይደፍርም። ጥቂት ጨዋታ በተከታታይ ከተሸነፈ ሻንጣውን የሚያዘጋጅ ሰው የ18 ዓመት ልጅ ስሕተት የሚታገሥበት ምን ትርፍ ጊዜ አለው? ብዙዎቹ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር በጀት ነው፤ በጀቱ በሰኔ ይዘጋል፣ ሐሳቡም አብሮ ይዘጋል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። ያ የገዢውን ክለብ እጅ ለመያዝ የታሰበ ነው፤ ለአሳዳጊው አንድ ኳስ አልጨመረለትም።

ጸሐፊው የአካባቢያችን ልጆች ገና ናቸው፣ ለውድድር አልደረሱም ማለታቸው ልክ ነው። ግን ለምን ገና ሆኑ? በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያገኛቸው ሥልጠናው ቆመ፤ ከተበተኑት ልጆች ሁሉም አልተመለሱም፤ ያ የዕድሜ ክልል በደብተሬ ላይ እስከ ዛሬ ሳሳ ብሎ ይታያል። ሜዳ ይሠራልን ቢባልም ሜዳ ብቻውን አይበቃም። ወልድያ ያማረ ስታዲየም አላት፤ ቡድኗ ግን ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ ወጥቷል። ከእኛ ከአሠልጣኞቹም ወገን ጥፋት አለ፤ ዋንጫ ለመውሰድ ብሎ ጢሙን የተላጨ ጎልማሳ 16 ዓመቱ ነው ብሎ የሚያቀርብ ሞልቷል። እንዲህ ያለውን አሳዳጊ ብዬ አልጠራውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ። ሁሉም እንጀራ ከገበያ የሚገዛ ከሆነ ምጣዱን የሚጥደው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ፊፋ ከእኛ ቀድሞ ጠይቆታል። አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በክፍያ ከአገር ወደ አገር ሲዛወር ከክፍያው አምስት በመቶ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመቱ ላሉት ዓመታት ለእያንዳንዱ ሩብ በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላሉት ለእያንዳንዱ ግማሽ በመቶ ነው። ከ12 እስከ 17 ዓመቱ በአንድ ቦታ የሠለጠነ ልጅ አድጎ በ100,000 ዶላር ቢዛወር የዚያ ቦታ ድርሻ 2,000 ዶላር ይሆናል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ይህን ገንዘብ የሚያከፋፍል ማዕከል ፓሪስ ላይ ተቋቁሟል። የፊፋ ደንብ በአገር ውስጥ ዝውውርም ፌዴሬሽኖች ታዳጊ ላይ የሚደክሙ ክለቦችን የሚክስ ሥርዓት እንዲያበጁ ያሳስባል።

ገንዘቡ የሚደርሰው ግን በተጫዋቹ የምዝገባ ታሪክ ውስጥ ስሙ ለተጻፈ ክለብ ነው። የእኔ መዝገብ ባለ ካሬ ደብተር ነው፤ የልጁ ስም፣ የእናቱ ስም፣ ሰፈሩ፣ የመጣበት ቀን። ፓሪስ ይቅርና እዚሁ ደሴ ሆጤ ላይ እንኳ የሚቀበለኝ የለም። እኔ በምሠራበት አካባቢ አንድ ክለብ ላሳደገለት ፕሮጀክት ገንዘብ ሲከፍል አላየሁም። የፊርማው ገንዘብ ለተጫዋቹና ላገናኘው ሰው ይሄዳል፤ ተጫዋቹ ይገባዋል፣ ስለ አገናኙ አስተያየቴን ልያዝ። አንድ ጊዜ ልጃችንን ያስፈረመ ክለብ ኳስ እንዲረዳን በደብዳቤ ጠየቅን። የመጣው መልስ የእንኳን ደስ አላችሁ ደብዳቤ ነበር፤ ማኅተሙ ያምራል።

ክለቦች ያስፈርሙ፤ የበሰለ ተጫዋች የሌለው ቡድን ውስጥ ልጅ አይማርም። ግን ሲያስፈርሙ ሁለት ዓመት ያስፈርሙ፤ ለዚያ ቦታ የደረሰ የተስፋ ቡድን ልጅ ካለ ወንበር ከሚያሞቅ ለከፍተኛ ሊግ ወይም ለአንደኛ ሊግ ክለብ በውሰት ይላኩት። የዞንና የከተማ ስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ የፕሮጀክት ልጆችን ከ12 ዓመታቸው ጀምረው በሚታወቅ ቅጽ ይመዝግቡ፤ ከፊርማ ክፍያ ላይ ትንሽ ተቀንሳ ለአሳዳጊው የምትደርስበት መንገድም የሚጀምረው ከዚያ ቅጽ ነው።

ከእናንተ ከጋዜጠኞቹ የምጠይቀው ከዚህ ሁሉ ቀላል ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር የዝውውር ዜና ታወጣላችሁ፤ የተጫዋቹ ስም፣ የቀድሞ ክለቡ፣ የውሉ ዘመን። ከዚያ ሥር አንድ መስመር ጨምሩ፤ መጀመሪያ የሠለጠነበትን ሰፈርና ፕሮጀክት። ክለቡን ብትጠይቁት አያውቅ ይሆናል፤ ተጫዋቹን ጠይቁት፣ እርሱ አይረሳም። ስለ ወሎ ልጆች ደብተሩ እኔ ዘንድ አለ፤ ስትፈልጉ ኮፒ አድርጌ እልክላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር
ደሴ