ሜዳችን ማላዊ ነው እንዴ?

ይድረስ ለልጄ ለናቲ፣

ባለፈው ቅዳሜ ከሜክሲኮ ስንመለስ፣ ታክሲው ስታዲየም ጋ ሲደርስ የጠየቅከኝን ሳልጨርስልህ ቀረሁ። "እማ፣ እዚህ ገብተሽ ታውቂያለሽ?" አልከኝ። "አዎ" ስልህ ማዳመጫህን ከአንድ ጆሮህ ብቻ አወለቅክና "ምን ልታደርጊ? ቱታ ልትገዢ?" ብለህ ሳቅክብኝ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ረዳቱ "ሂሳብ" አለ፣ መስቀል አደባባይ ደረስን፣ አንተ "ወራጅ" አልክ፣ ወሬያችን ታክሲው ውስጥ ቀረ።

ማታ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነገሩ አልለቅ አለኝ። በቃል ልንገርህ ብል ደግሞ ስልክህን እያየህ "እሺ እማ፣ እሺ እማ" ነው የምትለኝ። ስለዚህ ጻፍኩልህ። አርሴናል በማይጫወትበት ሰዓት አንብበው።

ደግሞ የአንተ ዕዳም አለብኝ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍን ዕለት ትዝ ይልሃል? ዳዋ ሆቴሳ ሲያገባ ከሶፋው ላይ ወደቅክ። ሽመልስ በቀለ ሁለተኛውን ሲደግም ጎረቤት ግድግዳውን ይደበድብ ጀመር። እኔ "በሜዳችን እንዲህ ነን!" ብዬ ስጮህ አንተ ዞር ብለህ "እማ፣ ይሄ እኮ ማላዊ ነው። ሜዳችን ማላዊ ነው እንዴ?" አልከኝ። የእኛ ስታዲየም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ የካፍን፣ መስፈርት አላሟላም፣ ስለዚህ የሜዳችንን ጨዋታ ሊሎንግዌ ሄደን ነው የምንጫወተው ብዬ አስረዳሁህ። "ታዲያ ምኑ ነው የሜዳችን?" አልክ። አሥር ዓመትህ ነበር። ቡና ላፍላ ብዬ ተነሳሁ እንጂ መልስ አልነበረኝም።

እንግዲህ ስማ።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. እሑድ ነበር። አንተ ሰባት ወርህ ነው፣ ትጠባለህ። አባትህ ክፍለ ሀገር ሥራ ላይ ነው። ያኔ የምንኖረው ካዛንቺስ አያቶችህ ግቢ ነበር። ዋልያዎቹ፣ ብሔራዊ ቡድናችን፣ ከሱዳን ጋር የመልስ ጨዋታ አላቸው። ጳጉሜን ላይ ኦምዱርማን ሄደው 5 ለ 3 ተሸንፈው መጥተዋል። ይህን ጨዋታ በደንብ ካሸነፍን ደቡብ አፍሪካ፣ ለአፍሪካ ዋንጫ። ለመጨረሻ ጊዜ የአፍሪካ ዋንጫ የገባነው በ1974 ሊቢያ ላይ ነበር። እኔ ያኔ አልተወለድኩም። አስበው፣ ሙሉ ዕድሜዬን ሌሎች አገሮች ሲጫወቱ ነው ያየሁት። አንድ ዓመት ካሜሩንን፣ አንድ ዓመት ናይጄሪያን፣ እንደ ኪራይ ቤት እየቀያየርኩ ስደግፍ ኖርኩ።

አጎትህ ቅዳሜ ማታ ጋቢውን ደርቦ ሰልፍ ሊይዝ ሄደ። "በጥቅምት አንድ አጥንት" የሚባለው ለምን እንደሆነ ያን ሌሊት ነው የገባኝ ይላል እስከ ዛሬ። ጠዋት ላይ ደውሎ "ሁለት ትኬት ይዣለሁ፣ ካታንጋ ነው፣ ትመጫለሽ አትመጪም?" አለኝ። ካታንጋ ማለት ጣሪያ የሌለው፣ ጩኸቱ ግን ከሁሉም የሚበልጥ ቦታ ነው። ጥላ ፎቅ ቢገኝ እንኳን የምንገዛበት ገንዘብ አልነበረንም።

አያትህ እትዬ አበዱ። "የምታጠባ ሴት ኳስ ሜዳ ምን ትሠራለች?" አሉ። እውነታቸውን ነው፣ እኔም መልስ አልነበረኝም። ያዳኑኝ አባባ ናቸው። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው መሄድ አልቻሉም፤ ሬዲዮኗን አቅፈው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። "ተያት፣ ትሂድ" አሉ። "እኔም ያኔ ሳላስፈቅድ ነው የሄድኩት።" ያኔ የሚሉት ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። በዚሁ ስታዲየም ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳን ቀን። አባባ ተማሪ ነበሩ። ጃንሆይ ዋንጫውን ለአምበሉ ለሉቺያኖ ቫሳሎ ሲሰጡ አይቻለሁ ይላሉ። እትዬ ደግሞ "ከሰው ጀርባ ሆኖ ምን አይቶ!" ይሏቸዋል። ይህ ክርክር ከተጋቡ ጀምሮ አላለቀም።

አጠባሁህ፣ የታለበውን አስቀመጥኩ፣ ወጣሁ። በሩ ላይ አልዞርኩም። ብዞር እቀር ነበር።

ከካዛንቺስ እስከ ስታዲየም በእግሬ ነው የሄድኩት። መስቀል አደባባይ ስደርስ ከተማው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይፈሳል። ጉንጫቸውን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የተቀቡ ሴት አያቶች ነበሩ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። እሸት በቆሎ የሚጠብሱት፣ ቆሎ የሚሸጡት፣ ባንዲራ የሚያዞሩት ልጆች፣ ቩቩዜላው። አጎትህን አጥሩ ጋ አገኘሁት። ከንፈሩ በብርድ ተሰነጣጥቋል፣ ይስቃል።

ገብተን ስንቀመጥ ጨዋታው ገና ብዙ ሰዓት ይቀረዋል። መቀመጥ ስልህ እግሬን አጥፌ፣ የአንዱ ጉልበት ጀርባዬን እየወጋኝ። ከአጠገቤ ጡረታ የወጡ የሚመስሉ፣ ኮትና ክራቫት ያደረጉ ሰውዬ ነበሩ። ለካታንጋ ክራቫት! ባዶ የሲጋራ ፓኮ ገልብጠው በቢክ እስክሪብቶ ሂሳብ ይሠራሉ። 1 ለ 0 ብለው ጻፉና ሰረዙት። 2 ለ 0 ጻፉና ከሥሩ አሰመሩበት። የሁለቱ ጨዋታ ድምር 5 ለ 5 ይሆናል፣ ድምሩ እኩል ሲሆን ደግሞ ያኔ የሚያልፈው በሰው ሜዳ ብዙ ያገባው ነው። እኛ እነሱ ሜዳ ሦስት አግብተናል፣ እነሱ እኛ ሜዳ ምንም፤ እናልፋለን። 2 ለ 1 ጻፉና ደጋግመው ሰረዙት፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ። 3 ለ 1 ያሳልፋል። 3 ለ 2 አያሳልፍም። ከኋላችን የተቀመጡት ልጆች "አባቴ፣ 4 ለ 2ስ?" ይሏቸዋል። እሳቸውም እንደ ሐኪም ቀስ ብለው ያስባሉ፣ ይጽፋሉ፣ "ያሳልፋል" ይላሉ። ሰው ሁሉ በፍቅር ያያቸዋል።

አሁን የምነግርህን ለጓደኞችህ እንዳታወራ። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ጡቴ ሞላ። የምታጠባ እናት ጡት ሰዓት ያውቃል፣ የካፍን ፕሮግራም ግን አያውቅም። ቀሚሴ ራሰ። አንገቴ ላይ የነበረውን ባንዲራ አዙሬ ደረቴ ላይ አሰርኩት። ሰውዬው ቀና ሳይሉ፣ ፓኮዋን እያዩ፣ "ስንት ወሩ ነው?" አሉኝ። "ሰባት" አልኳቸው። "አይዞሽ፣ እኛ 31 ዓመት ጠብቀናል፣ እሱ ሦስት ሰዓት ይጠብቅ።"

የመጀመሪያው አጋማሽ ባዶ ለባዶ አለቀ። ስለ እሱ የማወራህ የለኝም፤ ጥፍሬን ስበላ ነው ያለቀው። በእረፍቱ አባትህ ጋ ልደውል ብል ኔትወርክ የለም። እናንተ ጋ ልደውል ብል የለም።

ከዚያ አዳነ ግርማ አገባ። አላየሁም! እውነቴን ነው፣ በሕይወቴ ትልቁን ጎል አላየሁትም። ከፊቴ የነበረው ልጅ ባንዲራውን ዘርግቶ ተነሳ፣ ዓለም ሁሉ አረንጓዴ ሆነ፣ ከዚያ ጩኸቱ ከታች መጣ። ከጆሮ ሳይሆን ከሲሚንቶው፣ በእግሬ በኩል ነው የሰማሁት። "ማነው? ማነው?" እላለሁ። ሬዲዮ ጆሮው ላይ የለጠፈ ልጅ "አዳነ! አዳነ!" አለ። ስሙ ከአፍ አፍ እየዘለለ ወደ ላይኛው ረድፍ ወጣ። አጎትህ ተሸክሞኛል፣ ወይ እኔ ተሸክሜዋለሁ፣ አላስታውስም።

ሁለተኛውን ግን አየሁት። የባንዲራውን ልጅ "ወንድሜ፣ አንዴ ዝቅ በልልኝ፣ አራስ ነኝ" ብዬ ዋሸሁት። ዝቅ አለ። ብዙም ሳይቆይ ሳላዲን ሰዒድ ኳሷን መረብ ላይ አሳረፋት። መረቡ ሲወዛወዝ አየሁት። ከዚያ ማን ማንን እንዳቀፈ አላውቅም። ቆሎ ዘነበብን። አንዱ ጫማዬን ረግጦ አወለቀው፣ ባዶ እግሬን ዘለልኩ፣ በኋላ ሁለት ረድፍ ወርዶ ተገኘ።

የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ልብ በል፣ ሱዳኖች አንድ ብቻ ቢያገቡ በቃ፣ ያቺ ሰውዬው ወረቀቱን የቀደዱባት 2 ለ 1 ነች። ኳስ ወደ እኛ ጎል በሄደ ቁጥር ያ ሁሉ ሕዝብ እስትንፋሱን ይይዛል። ያን ያህል ሰው ዝም ሲል ሰምተህ አታውቅም። ከስታዲየሙ ውጭ የመኪና ጥሩንባ ይሰማ ነበር። አንዷ ሴትዮ ጀርባዋን ለሜዳው ሰጥታ ድንግል ማርያምን ትለማመናለች፣ ልጇ "አሁን የት ነው ኳሱ?" ስትለው ይነግራታል። ዳኛው ሲነፋ ዞር አላለችም፤ እንደቆመች ነው ያለቀሰችው። ሰውዬዬ ፓኮዋን በጥንቃቄ አጠፏት፣ ኮታቸው ውስጥ ከተቷት፣ ክራቫታቸውን አስተካከሉ። "ሂሳቡ ልክ ነው" አሉ። ስማቸውን እንኳን አልጠየቅኳቸውም።

ናቲዬ፣ የጠየቅከኝ ነገር ያለው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ጨዋታው አለቀ፣ እኛም በእግራችን ቤታችን ገባን። በቃ ይኸው ነው። አውሮፕላን የለ፣ ሆቴል የለ። በሩ ላይ የሚጠብቅህ የራስህ አስፋልት ነው። መስቀል አደባባይ ሞልቶ መኪና ቆሟል፤ አይሱዙ ላይ የተሰቀለው ተሰቅሏል። የሰርግ መኪና መሃል ላይ ገብቶ መውጫ አጥቷል፣ ሙሽራዋ በመስኮት ቬሏን እያውለበለበች ትጨፍራለች፣ ሙሽራው ሰዓቱን ያያል። ካዛንቺስ ስንደርስ የሠፈሩ ልጆች ለእኔና ለአጎትህ እኛ ያገባን ይመስል አጨበጨቡልን። ሊሎንግዌ ላይ ልጆቹ ግብፅን አሸንፈው ከስታዲየም ሲወጡ ማን አጨበጨበላቸው? ያን ቀን ቴሌቪዥኑን ካጠፋሁ በኋላ ይሄን ነበር የማስበው።

እትዬ አንተን ታቅፈው በር ላይ ቆመዋል። ቁጣቸው አልበረደም። ከታለበው ግማሹን ጠጥተህ ግማሹን ተፍተህባቸዋል። በሁለተኛው ጎል ጊዜ አባባ ሲጮሁ ከእንቅልፍህ ባንነህ አልቅሰሃል፣ እትዬ አባባን ሲቆጡ ሦስተኛ ጎል ገባ ብለው ጎረቤቶች ሮጠው መጥተዋል። ተቀበልኩህ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ አጠባሁህ። ባንዲራው ወተት ወተት ይሸት ነበር። ለአንድ ሳምንት አላጠብኩትም፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

የቀረውን ታውቀዋለህ። የደቡብ አፍሪካው የመጀመሪያ ጨዋታ ከሻምፒዮኗ ከዛምቢያ ጋር ነበር። በረኛችን በቀይ ወጣ፣ በጎዶሎ ተጫውተን 1 ለ 1 ወጣን፣ አሁንም አዳነ ግርማ። አባባ ካላንደሩን አውርደው "ዛሬ ስንት ነው?" አሉ። ጥር 13። ዋንጫውን ያነሳንበት ቀን፣ 51 ዓመት ሞልቶት። ከዚያ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ተመለስን። ይሁና።

ስታዲየሙ ለእድሳት ተዘግቶ ቆይቷል፣ አንተም በአጥሩ ሥር በታክሲ ታልፋለህ። ዋልያዎቹ ሲጫወቱበት አብረን እንገባለን። ጥላ ፎቅ አይደለም፣ ካታንጋ። ጋቢው ቁም ሳጥኑ ላይ ነው፣ ሌሊት ሰልፉን የምትይዘው አንተ ነህ። እኔ ረፋድ ላይ ቆሎና እስክሪብቶ ይዤ እመጣለሁ።

እናትህ