ጊዶሌ የቀዱት ካሴት

ሐዋሳ፣ ቅዳሜ ማታ

ይድረስ ለምወድዎት አባባ፣

ለጤናዎ እንዴት ሰንብተዋል? ጉልበትዎንስ ተሻለዎት? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ክራርዎም ደህና ነው።

ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ ፊላ ነው፤ ስለዚያ በኅብረት ስለሚነፋው የደራሼዎች የቀርከሃ ዋሽንት። ጊዶሌ ሲያስተምሩ ሰምተውት፣ ከራት በኋላ እያነሡ ይነግሩን የነበረው። ልጅ ሆኜ አልገባኝም ነበር። አሁን አንድ የደራሼ አዛውንት ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ተማሪዎቼን ያለማምዱልኛል። አንዱ ቀርከሃ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማ የሚሆነው ሁሉም ተራውን ጠብቆ ሲነፋ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ቀረች። ዜማው ጥርሱ እንደወለቀ አፍ መሃሉ ላይ ክፍት ሆነ።

አንድ ጥፋት ልሠራ ነበር፣ አባባ። ድምፃቸው ከኪቦርዱ ጋር አልገጥም ሲለኝ የቀርከሃዎቹን ጫፍ ልቆርጥ ቢላ አነሣሁ። ሽማግሌው እጄን ያዙኝ። ቀርከሃ አንዴ ካጠረ አይረዝም! እርስዎም ክራሩን በጆሮዎ እንጂ በሌላ ነገር ሲቃኙ አይቼ አላውቅም፤ ባቲን ከአምባሰል ያስለዩኝ እያንጎራጎሩ ነው። ያስተማሩኝን እንዴት እንደረሳሁት እንጃ።

የሲዳማ ልጆቼ የባህል ጭፈራቸውን ቄጣላን ከእኔ መማር አያስፈልጋቸውም። ፊቼ ጨምበላላ በመጣ ቁጥር ጉዱማሌ አደባባይ ላይ አያቶቻቸውን ያያሉ። በዓሉን ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. መዝግቦታል፤ ልጆቹን ያስተማራቸው ግን አደባባዩ ነው። እዚህ ለሚያድግ የደራሼ ልጅ እንዲህ ያለ አደባባይ የለውም። የሚያሳስበኝ ይኼ ነው። ክራርን ቤት ወስዶ ለብቻ መለማመድ ይቻላል፤ ፊላን ግን ማን ብቻውን ይነፋዋል? በስልኬ ቀድቼዋለሁ፤ ዜማው ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ማን ማንን ጠብቆ እንደሚነፋ ግን አይታይም።

ስለዚህ ልለምንዎ። ጊዶሌ የቀዱት ካሴት ሣጥኑ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፤ እባክዎ ማንም እንዳይነካው። ያዩትንም ያስታውሱልኝ። ስንት ሆነው ይነፉ ነበር? ማን ይጀምር ነበር? ሲዞሩስ ማን ከማን አጠገብ ይቆም ነበር? መጻፉ ከደከመዎት ይንገሩኝና እኔ እጽፈዋለሁ።

የፊታችን እሑድ አዳማ እመጣለሁ። ካሴቱን እዚያው አብረን እንሰማዋለን፤ የሚያጫውት ቴፕ ከጎረቤት ተውሻለሁ። ሽማግሌውም «የአባትሽን ካሴት እኔም ልስማው» ብለውኛል፤ ከፈቀዱልኝ ይዤላቸው እመለሳለሁ።

ናፋቂ ልጅዎ