ድንኳኑ የት ይተከል?

ይድረስ ለምወድህ ጓደኛዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ቤተሰቡስ ደህና ነው? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄ በመጥፋቱ ይቅር በለኝ። ዘንድሮ ተማሪዎችህን የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የጋራ ግቢ ዲዛይን እንደምታሠራቸው ስሰማ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

እባክህ፣ ኮምፒውተር ከመክፈታቸው በፊት የእድሩን ድንኳን ይለኩ። ሳይት አናሊሲስ (የቦታው ጥናት) ላይ ነፋሱም መንገዱም ይኖራል፣ ድንኳኑ ግን ይረሳል። ከዚያ ባዶው ሜዳ መሀል ፋውንቴንና ክብ አትክልት ይሳላል፤ ለቅሶ ሲመጣ ድንኳኑ የመኪና መንገድ ላይ ይተከላል። 5 በ10 ሜትር የሆነ ድንኳን ለገመዱና ለካስማው በየጎኑ 1.5 ሜትር ቢጨመርለት 8 በ13 ሜትር ነፃ ቦታ ይፈልጋል። አጠገቡ ወጥ የሚሠራበት፣ እጅ የሚታጠቡበት፣ አግዳሚውና ጎላው የሚቀመጥበት ክፍልም ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ድንኳን የሚተክሉት ሰዎች ያውቁታል፤ ሄደው ይጠይቋቸው።

ካስማው ደግሞ ለብቻው ይታሰብበት። መሬቱ ኮብልስቶን ከሆነ ካስማ የት ይመታል? ሰው በዲጂኖ ድንጋይ ይነቅላል። አንዱ ሲወጣ ዙሪያውን ያሉትን ጠብቆ የሚይዛቸው ነገር ይጠፋል፤ የክረምቱ ውሃ ከሥር ያለውን አሸዋ ይጠርገዋል፤ ለመስከረም ግቢው ጉድጓድ በጉድጓድ ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ በየካስማው ቦታ 40 በ40 በ40 ሴንቲሜትር ኮንክሪት ሞልቶ የብረት ቀለበት መቅበር። ቀለበቱ ከንጣፉ በላይ እንዳይወጣ፣ ልጆች ይሰናከሉበታል። በአጭር ቱቦ ውስጥ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፣ ውሃ እንዳይቋጥርም ማፍሰሻ ይኑረው። ይህን ዝርዝር በ1፡10 ስኬል ያልሳለ ተማሪ ግቢውን ጨረሰ አልለውም።

ሳይቱ በቦሌ ወይም በአቃቂ በኩል ከሆነ መረሬውን፣ ጥቁሩን ጭቃማ አፈር፣ አትርሳ። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ተቆርጦ ወጥቶ በሰሌክት (ለሙሌት በተመረጠ አፈር) ካልተተካ የላዩ ንጣፍ አይቆምም።

ጥላውንም በእጃቸው ያስሉት፤ ሶፍትዌሩ ላይ ከተማውን ሳይቀይሩ የሚሠሩ አሉ። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ፀሐይ በሰኔ እኩለ ቀን በሰሜን በኩል፣ በታኅሣሥ ደግሞ በደቡብ በኩል ናት። 15 ሜትር ከፍታ ያለው ጂ+4 ብሎክ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ወደ ሰሜን 9.5 ሜትር ያህል፣ በሰኔ ወደ ደቡብ 4 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። የሽማግሌዎች አግዳሚ ከብሎኩ በስተሰሜን 6 ሜትር ላይ ከተቀመጠ ብርድ በሚበረታበት ወር እኩለ ቀን እንኳ ፀሐይ አያገኝም።

እንጀራ የሚጋገርበትንና እርድ የሚካሄድበትን የጋራ መገልገያ ሕንፃ ደግሞ ከሳጥንነት ያውጡት። አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል፤ ስምንት ምጣድ አንድ ላይ ሲለኮስ 28 ኪሎዋት ነው፣ ስለዚህ ሦስት ፌዝ መስመር ከመጀመሪያው ይታሰብ። የእርዱ ክፍል ወለል 2 በመቶ ይዘቅዝቅ። ማንሆሉን የሚደፍነው ፈርስ ነውና ከማንሆሉ በፊት ወንፊት ያለው፣ በእጅ ወጥቶ የሚጸዳ ጉድጓድ ያስገቡ።

ሥራቸው በመምህራን ከሚገመገምበት ጁሪ በፊት ፕላኖቹን በ1፡200 ላክልኝ፣ ድንኳኑ ተተክሎ የሚያሳየውንም ጨምር። ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

የዘወትር ወዳጅህ