ተጣላችሁ?

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት መጨረሻ

ወንድምዓለሜ፣

እንደምን ከረምህ? ልጆቹ አደጉ? የእናትህ ጉልበትስ ተሻለው?

ይቅርታውን ቶሎ ብዬ ልለፈው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። «ማታ እደውላለሁ» እያልሁ አሳደርሁት፤ ሲያድር አፈርሁ፤ ካፈርሁ ወዲያ ከበደኝ። ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። አኩርፌ አይደለም። የዘጌውንም ነገር እዚያው ጀልባዋ ላይ ትቼዋለሁ፤ አንተም እንደተውኸው አውቃለሁ። በቃ።

አሁን የጻፍሁልህ ስለፈለግሁህ ነው። ያን በፍላሽ የላክህልኝን ፊልም፣ «ዘ ባንሺስ ኦቭ ኢኒሸሪን»ን፣ የአየርላንዱን ደሴት የሁለት ጓደኛሞች ፊልም፣ አየሁት። «ሳታየው እንዳታናግረኝ» ያልኸኝ ራስህ ነህ፤ ይኸው አይቼ አናገርሁህ። ሦስት ጊዜ አየሁት። ከዚያ እናቴ እንግሊዝኛ ስለማትሰማ፣ እሷም እንድትስቅና እንድታለቅስ ብዬ የግርጌ ጽሑፉን በአማርኛ ልሠራ ተቀመጥሁ። ሥራው አሁን ያለ አንተ የማልዘልቀው ቦታ ላይ ደርሷል።

መጀመሪያ ያቆመችኝ አንዲት አጭር ንግግር ናት። ቫዮሊን ተጫዋቹ ኮልም ወዳጁን ፖድሪክን በድንገት ማናገር ያቆማል። ፖድሪክ «ምን በደልሁህ?» ብሎ ሲይዘው፣ ኮልም ምንም እንዳልበደለው፣ ብቻ ከእንግዲህ ደስ እንደማይለው ይነግረዋል። እንግሊዝኛው ለዚህ ሁለት ቃል አለው፤ አንዱ ለፍቅር፣ ሌላው ቀለል ላለው መውደድ። እኛ ለሁለቱም «ወደደ» ነው የምንለው። «አልወድህም» ብዬ ብጽፍ ጥላቻ ይሆናል። ኮልም ደግሞ አይጠላውም፤ ፖሊሱ ፖድሪክን በቡጢ መትቶ ሲጥለው ከመሬት አንሥቶ ጋሪው ላይ የሚያስቀምጠው እሱው ነው፤ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ። «አስጠላኸኝ» ስድብ ነው። «ሰለቸኸኝ» ለእውነቱ ይቀርባል፣ ግን ነገሩን ያቀለዋል። «ከልቤ ወጣህ» የባልና ሚስት ይመስላል። ለጊዜው «ደስ አትለኝም፤ በቃ» ብዬ አስቀምጨዋለሁ። አፍህ ላይ ሞክራትና ንገረኝ።

ደራሲና አዘጋጁ ማርቲን ማክዶና ከቲያትር የመጣ ሰው ነው፤ በ2022 ቬኒስ ላይ የጽሑፉን ሽልማት በዚሁ ፊልም ወስዷል። ቲያትረኛነቱ ድግግሞሹ ላይ ይታወቃል። የደሴቱ ሰው ፖድሪክን ብቻውን ባየው ቁጥር ያንኑ ጥያቄ ይጠይቀዋል። «ተጣላችሁ?» ብዬዋለሁ። ተርጓሚ ሲደጋገም ሲያይ እጁን ይበላዋል፤ አንዴ «ተጣላችሁ»፣ አንዴ «ተቀያየማችሁ»፣ አንዴ «ምን አጋጫችሁ» ማለት ያምረዋል። እንደዚያ ካደረገ ሳቁ ሞተ። ሳቁ ያለው ቃሉ ሳይለወጥ ተመልሶ በመምጣቱ ነው፤ በሦስተኛው ላይ እናቴ ገና ሰውየው አፉን ሳይከፍት ራሷ «ተጣላችሁ?» ትላለች ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለዚህ በየቦታው ያችኑ አንድ ቃል፣ ከነጥያቄ ምልክቷ፣ ሳልነካ ገልብጫታለሁ።

እኛ አገር ይህን ፊልም ያየ ሰው ሁሉ «ሽማግሌ የላቸውም?» ማለቱ አይቀርም። ብዙ አሰብሁበት። የፖድሪክ እህት ትለምናለች፣ ቄሱ ንስሐ ሲያናዝዝ ያነሣበታል፣ የመጠጥ ቤቱ ባለቤትም መሐል ይገባል። ሽማግሌ አለ። ጥል ነው የሌለው። ሽማግሌ ተቀምጦ በዳይና ተበዳይ ይለያል፣ ካሣ ይቆርጣል፣ ያሳርቃል፤ በዳይ በሌለበት ምን ይዳኛል? ፖድሪክ የሚያሳዝነው ለዚህ ነው፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ዝግጁ ነው፣ የሚጠይቅበት ጥፋት ግን አጣ። የጣናውን ደሴት ደቅን ታውቀዋለህ። ደሴት ላይ ያኮረፍኸውን ሰው በመንገዱም፣ በወደቡም፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍም ታገኘዋለህ፤ ጀልባ እስክትመጣ ማምለጫ የለም። ከባሕሩ ማዶ ደግሞ ተኩስ ይሰማል፤ ዘመኑ 1923 ነው፣ የአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት። ሰዎቹ ቆም ብለው ያዳምጡና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ለዚያ ቦታ ምንም ጽሑፍ አላስፈለገኝም።

አሁን ደግሞ ደስ ያለኝን ልንገርህ። ኮልም «ካናገርኸኝ ጣቴን እቆርጣለሁ» ብሎ ይዝታል። ቄሱ ደግሞ ስለ ተስፋ መቁረጡ ይጠይቀዋል። በእንግሊዝኛ ሁለቱ ቃላት አይተዋወቁም፤ በአማርኛ ግን አንድ ግንድ ናቸው። ተስፋ ቆረጠ፣ ጣቱን ቆረጠ፣ ወዳጅነቱን ቆረጠ፣ ቆርጦ ተነሣ፣ ቁርጡን ነገረው። እኔ ምንም አልጨመርሁም፤ ቋንቋችን ራሱ አዘጋጅቶ ጠብቆኛል። እዚያች የንስሐ ቦታ ላይ «ሐዘን» ወይም «ጭንቀት» ብዬ ባለሰልሰው ኖሮ ይህ ሁሉ ይቀር ነበር።

ሌላው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ነው። ኮልም ዕድሜው እየሄደ ነው፤ ወሬ ሰምቶ ከመሞት ዜማ ትቶ ማለፍ ይፈልጋል፤ ሞዛርትን ይጠቅሳል፤ ክፍለ ዘመኑን ሲሳሳት እህቲቱ ታርመዋለች። ፖድሪክ ሰክሮ ይመልስለታል፤ እናቱና አባቱ ደጎች እንደነበሩ፣ እሱም በደግነታቸው እንደሚያስታውሳቸው። ተረታችንን ለማን ልስጠው? ለኮልም ብሰጠው ዜማው ነው ስሙ። ለፖድሪክ ብሰጠው ደግነቱ ነው። ለሁለቱም ይገጥማል! ሁለት ሌሊት ካወጣሁ ካወረድሁ በኋላ ለማንም አልሰጠሁትም፤ ተመልካቹ በልቡ ይበለው። ተረት ግርጌ ላይ ስታስቀምጥ ፍርድ ሰጠህ ማለት ነው።

ስለ ሰዓት አጠባበቁ የነገርኸኝን አልረሳሁም። በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አላልፍም፤ በአንድ መስመር ከ28 ፊደል፣ በሰከንድ ደግሞ ከ12 ፊደል አይበልጥም። ፊደላችን ተነባቢውንም አናባቢውንም አንድ ላይ ስለሚሸከም የእንግሊዝኛውን ቁጥር እንዳለ መውሰድ አይቻልም፤ ዓይን ይደክማል። ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ጽሑፍ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ከስድስት ሰከንድ የበለጠ ደግሞ ሰውን ሁለት ጊዜ ያስነብበዋል። በሁለት ጽሑፎች መካከል ሁለት ፍሬም (ፊልሙ የተሠራባቸው ነጠላ ሥዕሎች) ክፍተት እተዋለሁ፤ በ24 ፍሬም ፊልም 83 ሚሊሰከንድ ገደማ ማለት ነው። ያለዚያ ጽሑፉ መለወጡ አይታወቅም።

ኮሜዲ ላይ ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ምሥጢሩን አለማውጣት ነው። ጥያቄና መልስ አንድ ላይ ከወጡ ተመልካቹ ተዋናዩን ቀድሞ ይስቃል፤ ከዚያ የተዋናዩ ፊት ባዶ ይሆናል። የዛቻውን ቦታ ውሰድ። እንግሊዝኛው የማንን ጣት እንደሚቆርጥ እያዘገመ ይሄዳል፤ ሁላችን የፖድሪክን ጣት እንጠብቃለን። የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ «የራሴን ጣት እቆርጣለሁ» ካልሁ ቦምቡ መጀመሪያው ላይ ፈነዳ። እንዲህ ከፈልሁት፦ የመጀመሪያው ጽሑፍ «ካናገርኸኝ በበግ መሸለቻው መቀስ ጣት እቆርጣለሁ።» ሁለተኛው ብቻውን፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ የሚወጣ፣ «የራሴን።» ግሱን አስቀድሜ የማን ጣት መሆኑን አስከተልሁት፤ ሰው ሲናገርም እንዲህ ይላል።

«ካናገርከኝ» ሳይሆን «ካናገርኸኝ» ያልሁት አውቄ ነው። የደሴቱ ሰዎች የሚናገሩት የራሳቸውን የአገር እንግሊዝኛ ነው፤ እኔም በጎጃሙ አፍ አደረግሁላቸው። «አንተ»ን በተመለከተ ግን ጭንቅ ውስጥ ነኝ። ኮልምን የሚጫወተው ብሬንዳን ግሊሰን ፖድሪክን ከሚጫወተው ከኮሊን ፋሬል በ21 ዓመት ይበልጣል። ወጉ «አንቱ» ነበር። ደግሞም ኮልም ካኮረፈ በኋላ ፖድሪክን «እርስዎ» ቢለው እኛ ወዲያው ብርዱ ይሰማናል። ሞከርሁት፤ ብርዱ በዛ። ሁለት ሰዎች እስከ መጨረሻው «አንተ» የሚባባሉ ከሆነ ገና አልተለያዩም ማለት ነው፤ ስለዚህ «አንተ» እንዳለ እንዲቆይ አድርጌዋለሁ። ተሳስቼ ከሆነ ንገረኝ፤ በአንድ ምሽት የምለውጠው ነገር ነው።

ፋይሉን ስትከፍት ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። ስታስቀምጠው ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል ኮድ አስቀምጠው፤ በሌላ ካስቀመጥኸው ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሊሆን ይችላል፣ የጠፋውም አይመለስም። ሁለተኛ፣ ያለህ ቅጂ በሰከንድ 25 ፍሬም ከሆነ የእኔ ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ ልክ ይመስልና 10ኛው ደቂቃ ላይ 24 ሰከንድ ይዘገያል። ወደፊት ወደኋላ ብትገፋው አይድንም፤ አንዱ ጋ ሲገጥም ሌላው ጋ ይሸሻል። ሰብታይትል ኤዲት በሚባለው የግርጌ ጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ውስጥ የፍሬሙን ቁጥር ከ24 ወደ 25 ለውጠው፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያጠብበዋል። ቴሌቪዥንህ ሳጥን ሳጥን ካሳየህ ደግሞ ጥፋቱ የፋይሉ አይደለም፤ ቴሌቪዥኑ የግዕዝ ፊደል የለውም። ያን ጊዜ ጽሑፉን ፊልሙ ላይ አትመው፤ በነጭ፣ ዙሪያውን በጥቁር። የዚያ ደሴት ሰማይ እንደ ጣና ሰማይ ነው፤ ነጭ ብቻውን ይጠፋበታል።

አንተን የፈለግሁበት ዋናው ነገር ግን የጣቱ ነው። ግሊሰን ራሱ ቫዮሊን ይጫወታል፤ ለዚህ ነው እጁ የማይዋሸው። ኮልም ሊቆርጥ የሚዝተው የግራ እጁን ጣቶች ነው፤ ዜማውን የሚያወጡትን። እናቴ ቫዮሊን አታውቅም፤ ማሲንቆ ግን ታውቃለች። የማሲንቆ ግራ እጅ ምን እንደሚያደርግ አንተ ነህ የምታውቀው፦ አውራ ጣት አንገቱን ይዛ፣ አራቱ ከፈረስ ጭራ የተሠራችውን አውታር ከጎን እየነኩ፣ ከሥር የሚጫኑበት እንጨት ሳይኖር። አንዷ ብትጎድል የትኛው ቅኝት ይቀራል? ትዝታን በሦስት ጣት መምታት ይቻላል? ይህን የምጠይቅህ ለአንድ መስመር ነው። ኮልም የመጀመሪያውን ጣት ከቆረጠ በኋላም መጫወቱን አይተውም፤ እዚያ ላይ «መታ» ልበል «ገዘገዘ» አልወሰንሁም። ቃሉ አንድ ጣት የጎደለውን ሰው ድምፅ እንዲይዝ ፈልጌ ነው።

ርእሱንም አደራ። ኮልም የደረሰው ዜማም ፊልሙም የተሰየሙት በባንሺ፣ ለሞት ቀድማ በምታለቅስ የአየርላንድ መንፈስ፣ ነው። «አልቃሾች» ብዬዋለሁ፤ የእኛ አልቃሽ ከሞት በኋላ መሆኗን አውቃለሁ፣ ግን ሙሾዋ ዜማ አለው። «ሟርተኞች» ብል ዜማው ይቀራል።

አንድ ቀረኝ። ሁለቱ በየቀኑ መጠጥ ቤት የሚሄዱበት ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። መጨረሻ አካባቢ ፖድሪክ የኮልምን ቤት አቃጥላለሁ ብሎ የሚቀጥረውም በዚያው ሰዓት ነው። እባክህ ስታርም አንዱን «8 ሰዓት»፣ ሌላውን «ከሰዓት በኋላ» እንዳታደርግብኝ፤ ሁለቱም ቦታ «8 ሰዓት» ይሁን።

ፍላሹን እሑድ በሚሳፈር ሰው እልክልሃለሁ። አንብበህ ስትጨርስ፣ ወይም ሳትጨርስም፣ ደውልልኝ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቤት ነኝ።

የአንተው