የኮምፒውተር ክበብ፦ ክፍተት ስንደፍን የከረምንበት ዓመት

«የኮምፒውተር ክበብ ልጆች ፊልም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲገለብጡ ይውላሉ» የሚለው ሐሜት ለክበባችን አዲስ አይደለም። ስለዚህ የዘንድሮውን ሥራ በቁጥር አስቀምጠዋለሁ። ላቡ ውስጥ ካሉት 22 ኮምፒውተሮች 14ቱ የሚሠሩት ዴቢያን 12 በተባለው የሊኑክስ ስርዓተ ክወና ነው። መስከረም 2018 ዓ.ም. ስንከፍታቸው ክረምቱን ሙሉ የደኅንነት ማስተካከያ (ሰርጎ ገብ የሚገባበትን የፕሮግራም ክፍተት የሚደፍን እድሳት) ያገኘ አንድም አልነበረም። ዛሬ 13ቱ ወቅታዊ ናቸው። የ14ኛውን ነገር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ገና ከጅምሩ በዴቢያን መጫኛና ማደሻ በአፕት በኩል «አፕት አፕዴት» (የእድሳት ዝርዝር አምጣ) ስንላቸው አምስቱ «የዝርዝሩ ቀን ገና አልደረሰም» ብለው እምቢ አሉ። ጥፋቱ የማዘርቦርዷ ሲአር2032 ባትሪ ነው። ባትሪዋ ስታልቅ መብራት በጠፋ ቁጥር የማሽኑ ሰዓት ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። አፕት ደግሞ የጥቅሎቹን (ለመጫን የተዘጋጁትን ፕሮግራሞች) ዝርዝር የሚቀበለው ፊርማውንና ቀኑን መርምሮ ነው፤ ለእሱ ያ ዝርዝር ገና ካልመጣ ዘመን የተላከ ይሆንበታል። ባትሪዎቹ የተገዙት በልጆቹ መዋጮ መሆኑን አስተዳደሩ ልብ ይበልልን።

ቀጥሎ የዳታ ጉዳይ መጣ። እያንዳንዱ ማሽን ለየብቻው 200 ሜጋባይት ቢያወርድ 14ቱ 2.8 ጊጋባይት ይጨርሳሉ። ስለዚህ አንዱ ላይ የወረደውን አጠራቅሞ ለሌሎቹ የሚያድለውን አፕት-ካቸር-ኤንጂን ጫንን። ጥቅሉ ከኢንተርኔት አንዴ ብቻ ይወርዳል፤ የቀሩት በፖርት 3142 (በኔትወርክ መግቢያ ቁጥሩ) ከእሱ ይቀዳሉ።

ኅዳር ላይ የሆነውን ግን አልዘለውም። ሰኔ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ተራ ተጠቃሚ የአስተዳዳሪ ትእዛዝ እንዲፈጽም በሚያስችለው በሱዶ ፕሮግራም ውስጥ 12 ዓመት ገደማ ተደብቆ የኖረ ክፍተት ይፋ ሆኖ ነበር፤ ሲቪኢ በተባለው የክፍተቶች መዝገብ መለያው ሲቪኢ-2025-32462 ነው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ክፍተቱ በሱዶ ዕትም 1.9.17ፒ1 እንደተዘጋ አንብባ የእኛን ስታይ 1.9.13ፒ3 ሆነባት። «ቲቸር፣ ሁሉም ክፍት ናቸው!» አለች። ማሽኖቹ ግን በዚያው ጠዋት ታድሰዋል። «አፕት ቼንጅሎግ ሱዶ» ብላ የለውጡን መዝገብ እንድታነብ ነገርኳት። ሙሉ ቁጥሩ 1.9.13ፒ3-1+ዴብ12ዩ2 ነው፤ ከሥሩ ያ የሲቪኢ ቁጥር ተጽፏል። የዴቢያን ሰዎች ሌላው ነገር እንዳይናጋ ብለው አዲሱን ሱዶ አያመጡም፤ ማስተካከያዋን ብቻ ወስደው በአሮጌው ላይ ይጥፏታል። እራፊውን የሚናገረው ጭራው ላይ ያለው «ዩ2» ነው።

ዝም ብላ ስታይ ቆየችና «እንደ ፋሲል ግንብ ነዋ!» አለች። ጥቅምት ላይ ከታሪክ ክበብ ጋር ፋሲል ግቢን ጎብኝተን ነበር። «የወደቀውን ድንጋይ በኖራ ይመልሱታል እንጂ ግንቡን አፍርሰው አዲስ አይሠሩም። ቢጠገንም ያው የፋሲል ነው የምንለው» ብላ ለጓደኞቿ አስረዳች። ሦስት ሳምንት ሰሌዳ ላይ የለፋሁበትን ነገር ልጅቷ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው።

ልጆቹን ያስቸገራቸው ከጫኑ በኋላ ያለው ሥራ ነው። የኔትወርክ ግንኙነትን የሚመሰጥረው ኦፕንኤስኤስኤል ቢታደስም አስቀድሞ የተነሣው አገልግሎት ሜሞሪ ላይ ያለውን አሮጌውን ይዞ ይቀጥላል፤ የትኛው እንደገና መነሣት እንዳለበት ኒድሪስታርት የተባለው ፕሮግራም ይነግራል። ከርነል (የስርዓቱ እምብርት) ከተቀየረ ደግሞ ማሽኑን አጥፍቶ ማስነሣት ግድ ነው። «አፕግሬድ ብያለሁ፣ በቃ» ማለት አይሠራም።

ጥር ላይ፣ ጥምቀት አልፎ ላቡ በተከፈተ ሳምንት፣ እድሳቱ መሀል ላይ መብራት ሄደ። ሦስት ማሽኖች ግማሽ ተጭነው ቀሩ። ሁለቱን የተቋረጠውን ጭነት የሚጨርሰው «ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ» ትእዛዝ መለሳቸው። ሦስተኛው ዲስኩ ስለተበላሸ ጥግ ላይ ቆሟል፤ 14ኛው እሱ ነው።

የቀሩት ስምንቱ ዊንዶውስ 10 ናቸው። የነፃ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ያለ ተጨማሪ ምዝገባ ከእንግዲህ የሚገኝ ማስተካከያ የለም። ፈቃድ ከተሰጠን በክረምቱ ወደ ዴቢያን እንቀይራቸዋለን፤ ለዚህ ሁለት ቀን ይበቃናል። የምንጠይቀው ለማጠራቀሚያው ማሽን አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚይዝ ባትሪ)፣ አንድ ዲስክ፣ በወር 5 ጊጋባይት ዳታ ነው። ለስፖርት ቀን ከተከራየነው ድንኳን ዋጋ የሚበልጥ አይመስለኝም።