ሃንድስ ኦን ብላችሁ ስለሸጣችሁልኝ የኪንደርጋርተን ካሪኩለም ቅሬታ

ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት

ሰላም ለናንተ ይሁን፣

የምጽፍላችሁ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው። ለአምስት ዓመት ልጄ የኪንደርጋርተን የሙሉ ዓመት ሳጥን ከናንተ ገዝቻለሁ፣ የኦርደር ቁጥሩ ከኢሜይሉ ጋር አለ። በዋትስአፕ ስጽፍላችሁ «እሺ እህታችን እናየዋለን» ከማለት ያለፈ መልስ ስላላገኘሁ ሁሉንም ነገር አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው፣ ከረዘመ ይቅርታ፣ ግን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ነገሩ ባጭሩ ሃንድስ ኦን፣ ማለት ልጁ በእጁ እየነካ የሚማርበት ብላችሁ የሸጣችሁልኝ ነገር ወርክሺት፣ በእርሳስ የሚሞላ ወረቀት ነው። ሳጥኑ ሲመጣ ከባድ ስለነበር ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለካ ክብደቱ የወረቀት ነው።

እኔ ሆምስኩል ለማድረግ፣ ቤት ውስጥ ራሴ ላስተምረው ስወስን ልጄን አይቼ ነው የወሰንኩት፣ ቁጭ ብሎ እርሳስ የሚይዝ ልጅ አይደለም፣ በእጁ ካልነካው ካልገለበጠው አይገባውም፣ ደግሞ አማርኛ ይሰማል ግን በእንግሊዝኛ ነው የሚመልስልኝ። በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ጥሩ ጥሩ ኪቶች አሉ፣ አንዳንዶቹ ከናንተ በዋጋም ይቀንሳሉ፣ እነሱን ትቼ ወደናንተ የመጣሁት ፊደሉንም ቁጥሩንም በአማርኛና በእጅ የሚነካ አድርገን ሠርተናል ስላላችሁ ብቻ ነው። ቪዲዮአችሁ ላይ ያየሁት የእንጨት ፒንክ ታወር (ኩብ በኩብ ላይ የሚደረደር ሮዝ ግንብ)፣ በአሸዋ ወረቀት የተሠራ ፊደልና መቁጠር የሚማሩበት የሞንቴሶሪ ወርቃማ ዶቃ ነው። የመጣልኝ ደግሞ ሌላ።

ከፒንክ ታወሩ ልጀምር። የትም ብታዩት ከ1 ሴንቲሜትር እስከ 10 ሴንቲሜትር የሆኑ 10 ኩቦች ናቸው። እናንተ የላካችሁት ተቆርጦ፣ ታጥፎ፣ ተለጥፎ ኩብ የሚሆን ሮዝ ካርቶን ነው። ባዶ ካርቶን ደግሞ ትልቁም ትንሹም ያው ቀላል ነው። የዚህ ነገር ጥቅሙ እኮ ልጁ ትልቁን በሁለት እጁ ሲያነሳ ከብዶት ትንሹን በሁለት ጣቱ ሲይዝ ልዩነቱ እጁ ላይ መሰማቱ ነው፣ የ10 ሴንቲሜትሩ ኩብ ከ1 ሴንቲሜትሩ በይዘት 1000 እጥፍ ነው፣ እንጨት ከሆነ ያንን ማንም ሳያስረዳው እጁ ያውቀዋል። የናንተው ላይ ልጄ አንዴ ሲቀመጥበት ግማሹ ተጨፈለቀ።

ዶቃውም እንደዛው ነው። የአንድ ፍሬ፣ የአስር ዘንግ፣ የመቶ ካሬ፣ የሺ ኩብ ይላል ማስታወቂያችሁ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው እውነተኛ ዶቃ የአንዱ ፍሬ ብቻ ነው፣ ከአስሩ ዘንግ ጀምሮ ያለው በሙሉ የዶቃ ስዕል ነው! መቶን በስዕል ለማሳየትማ መጽሐፍ ይበቃኝ ነበር። አሁን ሽምብራ በትሪ አፍስሼ ነው የማስቆጥረው፣ አስር አስሩን በቡና ስኒ እየከተተ ይቆጥራል፣ ከናንተ ዶቃ በጣም ይሻላል።

ስለነዚያው ዶቃዎች ሌላም ነገር አለ፣ ይሄን ከሁሉም በላይ አስቡበት። ቤቴ ውስጥ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ አለችኝ። አሜሪካ ውስጥ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች በሚሸጥ መጫወቻ ትናንሽ ነገር ክልክል ነው፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላሉት የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ያንቃል የሚል ማስጠንቀቂያ መለጠፍ ግዴታ ነው፣ በኦንላይን ስትሸጡም ማስታወቂያው ላይ መኖር አለበት። የናንተ ሳጥን ላይም ዌብሳይታችሁ ላይም ፈልጌ አጣሁት። ዶቃው በቀጭን ላስቲክ ከወረቀቱ መሃል ስለተቀመጠ ሳጥኑን ስከፍት ወለሉ ላይ ተበተነ፣ እስካሁንም ከሶፋ ስር እያወጣሁ ነው። ይሄን ለሌላ እናት ሳትልኩ አስተካክሉት።

ወደ ፊደሉ ልምጣ፣ ብዙ ተስፋ ያደረኩት እሱ ላይ ስለነበር። «231ዱም ፊደል በአሸዋ ወረቀት» ነበር ያላችሁት፣ የመጣው ግን የሚያብረቀርቅ ፕሪንት ነው፣ ጣት ያንሸራትታል እንጂ ምንም አይሰማም። አንድ ጥሩ ነገር ግን ልመስክር፣ እነዛ ከፊደሉ ጎን የሚገጠሙት የእንጨት ቅጥያዎች ሐሳባቸው ደስ ይላል፣ ለካዕቡ ወገቡ ላይ፣ ለሣልሱ እግሩ ላይ፣ ለኃምሱ ቀለበት፣ ልጄ በ«ለ»ና በ«በ» ሲጫወትበት ገብቶታል። ረ እና ፈ ላይ ሲደርስ ግን አልገጠመለትም፣ ሩም ሪም ፉም በራሳቸው መንገድ ነው የሚሄዱት፣ መመሪያችሁ ደግሞ ስለዚህ አንድ መስመር እንኳን አልጻፈም። ልጁ የእንጨቱን ቁራጭ ይዞ «ማሚ ተሰበረ?» ነው የሚለኝ።

ሳምንታዊ ፕሮግራሙን ደግሞ ማን እንዳወጣው ባውቅ ደስ ይለኛል። 33ቱን ቤት በየሳምንቱ አንድ አንድ እያላችሁ ከሀ ጀምራችሁ እስከ ፐ ደርድራችኋል። በዚህ አካሄድ በ1ኛው ሳምንት ሀ፣ በ3ኛው ሐ፣ በ5ኛው ሠ፣ በ7ኛው ሰ ይመጣሉ፣ ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደል ለአምስት ዓመት ልጅ በሁለት ሳምንት ልዩነት ስታመጡበት ምን እንዲሆን ነው? «አባት» የሚለውን ቃል ለማንበብ አ እስኪደርስ 16ኛው ሳምንት ድረስ ይጠብቃል፣ «ዳቦ» 24ኛው ላይ ነው፣ «ፈረስ» 32ኛው ላይ። ሀሁ በተራ ማስቆጠሩን አልቃወምም፣ እኔም እንደዛ ነው የተማርኩት፣ በቃሉ ይዝፈነው ጥሩ ነው። ግን በእጅ የሚሠራ ካሪኩለም ካላችሁ ልጁ በጥቂት ፊደል ቶሎ ቃል እንዲሠራ ነው የሚፈለገው፣ በ፣ ተ፣ አ፣ ለ፣ መ ብትሰጡት እኮ በመጀመሪያው ወር «ቤት» «በላ» «አለ» «አባት» እያለ ፊደሎቹን ጠረጴዛ ላይ ይደረድር ነበር። እኔ አሁን ፕሮግራማችሁን ትቼ እንደዛ ነው የማደርገው፣ ታዲያ የከፈልኩት ለምኑ ነው ትላላችሁ?

«ከፍተው ይጀምሩ» የሚለውም ትክክል አይደለም። የመጀመሪያው ሳምንት ገጽ ላይ ቁረጡ፣ ላሚኔት አድርጉ (በፕላስቲክ ሸፍኑ)፣ ቬልክሮ ለጥፉ ይላል፣ የላሚኔት ማሽን እንደሚያስፈልግ ከመግዛቴ በፊት የት ተጽፎ ነበር? እኔ ሌሊት እሠራለሁ፣ ባለቤቴ ቀን ይነዳል፣ ማታ ማታ መቀስ ይዤ የምቀመጥበት ጊዜ ቢኖረኝ ኖሮ ራሴ እሠራው ነበር።

«የሜሪላንድን መስፈርት ያሟላል» ያላችሁትም አለ። እዚህ ቤት ለሚማር ልጅ ካውንቲው ፖርትፎሊዮ፣ ማለት የልጁን ሥራዎች ስብስብ፣ የሚያየው በስምንት ትምህርት ነው፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ሶሻል ስተዲስ፣ አርት፣ ሙዚቃ፣ ጤናና ስፖርት። የናንተ ሳጥን ውስጥ ስለ ጤናና ስፖርት ምንም የለም፣ ሙዚቃው አንድ የቪዲዮ ሊንክ ነው፣ እሱም አይከፈትም። በዛ ላይ መጨረሻ የምትሰጡት ሰርተፍኬት ለገምጋሚው ምንም አያደርግለትም፣ እሱ ማየት የሚፈልገው ልጁ በተከታታይ እየተማረ መሆኑን የሚያሳይ ሥራ ነው። በእጅ የሚሠራ ነገር ደግሞ ሠርተኸው አፍርሰኸው ወረቀት ስለማይተው ፎቶ አንሱ፣ ቀን ጻፉ፣ ምን እንደሠራ መዝግቡ ብሎ የሚመራ አንድ ገጽ ነበር የሚያስፈልገው። እሱን ብትጨምሩ ከሰርተፍኬቱ ይልቅ በጠቀመን ነበር።

ልመልሰው ስላችሁ የሰጣችሁኝ መልስ «ከተከፈተ አይመለስም» ነው። ሳይከፈት በምን አውቃለሁ? ዌብሳይታችሁ ላይ የውስጡ ዝርዝር የለም፣ ናሙና ብላችሁ የሰቀላችሁት ሦስት ገጽ የሚያምሩት ገጾች ናቸው፣ ቪዲዮው ላይ ያለው ዕቃ ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ የለም። ያልተላከልኝን ዕቃ ነው እንግዲህ አይመለስም የምትሉኝ።

የምጠይቀው ይሄ ነው። ወይ በቪዲዮው ያሳያችሁትን የእንጨት ታወር፣ የአሸዋ ወረቀት ፊደልና ሙሉ ዶቃ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ላኩልኝ፣ ወይ ደግሞ ሙሉ ገንዘቤን ከነማጓጓዣው በከፈልኩበት ካርድ መልሱልኝ። ምረጪ ካላችሁኝ ገንዘቡን ነው የምመርጠው። የዶቃው ማስጠንቀቂያና የዕቃው ሙሉ ዝርዝር ግን የኔ ጉዳይ ምንም ሆነ ምን ዌብሳይታችሁ ላይ ይውጣ፣ የቤተክርስቲያናችን እናቶች ግሩፕ ላይ ስለናንተ እየጠየቁኝ ነው፣ እስካሁን መልሳችሁን ልጠብቅ ብዬ ዝም ብያለሁ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ በጽሑፍ መልስ እፈልጋለሁ፣ በዋትስአፕ ቮይስ ሳይሆን በኢሜይል። ካልመጣ ለካርዴ ባንክ ዲስፒውት፣ ክፍያው ይመለስልኝ የሚል አቤቱታ፣ እከፍታለሁ፣ የሳጥኑንና የቪዲዮውን ፎቶ ጎን ለጎን አስቀምጫለሁ። ሳጥኑ ከተጨፈለቁት ኩቦችና ከጠፉት ጥቂት ዶቃዎች በቀር ሁሉም ነገር አለ፣ የመመለሻ ሌብል በኢሜይል ከላካችሁልኝ በማግስቱ ፖስታ ቤት አደርሰዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ደንበኛችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ