ከአጽሙ ጋር አፈሩም ይመርመር

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ ስለ ጥንታዊት ሮም ያስነበባችሁን ጽሑፍ የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶችና የፍሳሽ ቦዮች ሕዝቡን ከሆድ ትላትል እንደገላገሉት በአንድ ዐረፍተ ነገር ገልጾ አልፏል። ሐሳቡ ለጆሮ ቢጥምም በቁፋሮ የተገኘው ማስረጃ ግን አይደግፈውም። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ፒርስ ሚቸል እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ከግዛቱ የተለያዩ ክፍሎች የተገኙ ቅሪቶችን አሰባስበው ሲመለከቱ፣ ወስፋትም ሆነ ጅራፍ ትል ከቀደመው የብረት ዘመን ይልቅ ቀንሰው አላገኟቸውም። ከሚጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ የሰው ዓይነ ምድር በማዳበሪያነት እርሻ ላይ መዋሉ ነው። የወስፋት እንቁላል ሰውን ለመያዝ ከመብቃቱ በፊት አፈር ውስጥ ለሳምንታት መቆየት ስለሚያስፈልገው፣ በሚገባ ሳይብላላ ማሳ ላይ የተበተነ ዓይነ ምድር ለትሉ የሚያመቸውን መንገድ ይከፍትለታል። ቦዩ ቆሻሻውን ከቤት አራቀው እንጂ ከማዕድ አላራቀውም።

ትሉ ራሱ ከሞተው ሰው ጋር ይበሰብሳል፤ የሚተርፈው እንቁላሉ ነው። ቅርፊቱ ጠንካራ በመሆኑ ምቹ አፈር ካገኘ ለሺህ ዓመታት ይቆያል፤ አንዲት ሴት ወስፋት በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ስለምትጥል ደግሞ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። የጅራፍ ትል እንቁላል በማይክሮስኮፕ ሲታይ በሁለቱም ጫፎቹ ውታፍ የተደረገበት በርሜል ይመስላል፤ ርዝመቱ 50 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ከአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ በወጣው፣ 5,300 ዓመታት ገደማ ባስቆጠረው ሰው አንጀት ውስጥ የተገኘውም ይኸው ነው።

በእኔ ግምት ከሁሉም የበለጠ የሚያስተምረው ግን የእንግሊዙ ንጉሥ የሪቻርድ ሣልሳዊ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 አጽማቸው በሌስተር ከተማ ሲወጣ፣ ቀድሞ አንጀት ከነበረበት ከዳሌ አጥንታቸው አካባቢ አፈር ተወሰደ፤ በርካታ የወስፋት እንቁላሎችም ተገኙበት። ወስፋት ዘውድ አይፈራም ብሎ መሳቅ ይቻላል፤ ቁም ነገሩ ግን ተመራማሪዎቹ በዚያ አለማብቃታቸው ነው። ከራስ ቅሉ ዙሪያና ከመቃብሩ ውጭም አፈር ወስደው መረመሩ፤ በመጀመሪያው ምንም፣ በሁለተኛው እጅግ ጥቂት እንቁላል ብቻ አገኙ። እንቁላሎቹ በኋላ ዘመን በተጣለ ቆሻሻ የመጡ ሳይሆኑ ከንጉሡ ሆድ የወጡ መሆናቸውን በአሳማኝ ሁኔታ ለመናገር ያበቃቸው ይህ ማነጻጸሪያ ነው።

እርግጥ ነው፣ እንቁላል አለመገኘቱ ሰውየው ከትል ነፃ እንደነበር አያረጋግጥም፤ ውኃ ሊያጥበው፣ ሻጋታ ሊያጠፋው ይችላል። እንደ አሜባ ያሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን ደግሞ ቅሪታቸው በቀላሉ የሚጠፋ ስለሆነ በማይክሮስኮፕ እምብዛም አይገኙም። የተገኘው እንቁላል ብዛትም ሰውየው ምን ያህል ታሞ እንደነበር አይነግረንም።

ስለዚህ ስለ ጥንታዊ መቃብሮች ስትዘግቡ አጽሙን ብቻ ሳይሆን አፈሩንም እንድትጠይቁ አደራ እላለሁ። አጥንቱ ታጥቦ አፈሩ ከተደፋ በኋላ ማስረጃውን መልሶ ማግኘት አይቻልም፤ ከዳሌው፣ ከራስ ቅሉና ከእግሩ አካባቢ ጥቂት አፈር ለየብቻ መውሰድ ግን ለቆፋሪው ብዙ ድካም የሚጠይቅ ሥራ አይደለም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ